ስንዴና ሰሊጥ፦ የአሜሪካ ምዕራብና የመተማ ቆላ

መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ መተማ ላይ ከሱዳን መሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ በቆሰሉበት ዕለት፣ በአትላንቲክ ማዶ የዩናይትድ ስቴትስ መንግሥት የላኮታን ሕዝብ ሰፊ ግዛት በስድስት ቁራሽ ከፋፍሎ፣ ከ3.5 ሚሊዮን ሄክታር የሚበልጠውን «ትርፍ ነው» በማለት ለሰፋሪ የሚከፍት ሕግ ካወጣ ገና አንድ ሳምንቱ ነበር። ስድስት ሳምንት ቆይቶ ደግሞ ሃምሳ ሺህ የሚጠጋ ሰው በኦክላሆማ ሜዳ ዳርቻ ተሰልፎ፣ ቀትር ላይ ምልክት ሲሰጠው በፈረስና በጋሪ ወደ ውስጥ ጋለበ፤ ቀድሞ ደርሶ ችካል የቸከለ ሰው የቦታው ባለመብት ይሆን ነበርና፣ ጠዋት ሣር ብቻ የነበረበት ሜዳ ማታውን በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች የሰፈሩበት የድንኳን ከተማ ሆኖ አደረ።

የመተማ ቆላና የአሜሪካ ምዕራብ በአንድ ጽሑፍ አብረው የሚነሡት ዘመናቸው ስለገጠመ ብቻ አይደለም። በሁለቱም «ባዶ» የተባለ ሰፊ ምድር በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ለዓለም ገበያ የሚያመርት እርሻ ሆኗል፤ በሁለቱም ያን እርሻ ያቆመው ከሩቅ የመጣ፣ መሬቱ የእርሱ ያልሆነ፣ ወቅቱ ሲያልቅ ወደመጣበት የሚመለስ ወይም ወደ ሌላ ቦታ የሚያልፍ የሰው ጉልበት ነው። ስለ አሜሪካ ምዕራብ የተጻፈው አብዛኛው ትረካ መሬቱን ማን ያዘው በሚለው ላይ ያተኩራል፤ እዚህ የሚቀርበው ክርክር ግን የጠረፍ ምድርን ታሪክ የሚወስነው ከመሬቱ ስፋት ይልቅ ሠራተኛው ከጉልበት ሻጭነት ወደ ባለይዞታነት የሚያልፍበት መንገድ መኖር አለመኖሩ ነው የሚል ነው። በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» የሚል ያልታከለባቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።

የሁለቱ ምድሮች ትስስር ከጥጥ ይጀምራል። ከ1861 እስከ 1865 በዘለቀው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የሰሜኑ ባሕር ኃይል የደቡቡን ወደቦች ሲዘጋ፣ የእንግሊዝ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ጥሬ ዕቃ አጡ፤ የጥጥ ዋጋ በብዙ እጥፍ ናረ፤ ክፍተቱን ከሞሉት አገሮች አንዷ ግብፅ ሆነች። በ1863 ሥልጣን የያዘው ኬዲቭ እስማኤል (ኬዲቭ በኦቶማን ሥር የግብፅ ገዥ መጠሪያ ነው) በዚህ ድንገተኛ ሀብት ላይ የአውሮፓን ብድር ደርቦ ቦይ አስቆፈረ፣ ሐዲድ አዘረጋ፣ ጦሩንም ወደ ሱዳን፣ ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻና ወደ ኢትዮጵያ አሰማራ። በ1870ዎቹ መተማ የግብፅ ጦር የሰፈረባት የጠረፍ ገበያ የሆነችው በዚህ መስፋፋት ነው። በአሜሪካ ጦርነቱ አልቆ ጥጡ ወደ ገበያ ሲመለስ ዋጋው ወረደ፤ ዕዳውና ጦሩ ግን በእስማኤል እጅ ቀሩ።

ከጥጡ ሌላ ሰዎችም መጥተዋል። ጦርነቱ ሲያበቃ ሥራ ያጡ በርካታ የአሜሪካ መኮንኖች፣ ከሰሜንም ከደቡብም፣ በእስማኤል ጦር ውስጥ ተቀጥረዋል። የሰሜኑ ጄኔራል የነበረው ቻርለስ ስቶን በካይሮ የጠቅላይ ኤታ ማዦር ሹም ሲሆን፣ የደቡቡ ጄኔራል የነበረው ባለ አንድ እጁ ዊልያም ሎሪንግ በመጋቢት 1876 ጉራዕ ላይ ከዐፄ ዮሐንስ ጦር ጋር በተገጠመው ውጊያ ከግብፁ አዛዥ ከራቲብ ፓሻ ቀጥሎ ዋናው ሹም ነበር። ግብፆች በጉራዕ ክፉኛ ተሸነፉ። በአገራቸው በተቃራኒ ጎራ የተሰለፉ ሁለት ጄኔራሎች በአንድ ባዕድ ጦር ሥር ሆነው ኢትዮጵያን መውጋታቸው በአገራችን የታሪክ መጻሕፍት ብዙ አይወሳም፤ ስቶን ወደ አገሩ ተመልሶ በኒው ዮርክ የነጻነት ሐውልት የቆመበትን መሠረት ግንባታ መምራቱ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ይታወቃል።

የግብፅ ጦር ከመድረሱ በፊትም መተማ ባዶ አልነበረችም። ከምዕራብ አፍሪካና ከዳርፉር ወደ መካ ለሐጅ ሲጓዙ በመንገድ የቀሩ፣ ተክሩሪ የሚባሉ ሙስሊሞች በአካባቢው ሰፍረው በራሳቸው ሼኮች ይተዳደሩ፣ እንደየዘመኑም ለኢትዮጵያም ለሱዳንም ገዥዎች ይገብሩ ነበር። ቡናና ሰም ከደጋ ወርዶ፣ ጥጥና የሱዳን ሸቀጥ ወደ ላይ ወጥቶ የሚገናኝበት ገበያ ነበረ፤ ሰውም የሚሸጥበት ገበያ ነበረ፤ በዚህ ንግድ ክፉኛ ከተጎዱት መካከል በቆላው የሚኖሩት የጉሙዝ ሰዎች ይገኙበታል። በ1884 በዐድዋ በተፈረመው የሂዌት ውል መሠረት ዐፄ ዮሐንስ በመሐዲስቶች የተከበበው የግብፅ ጦር በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጣ ረዱ፤ የመተማው ጦር ሲወጣ ቦታውን የያዙት መሐዲስቶች ናቸው፤ የ1881 ዓ.ም.ን ጦርነት የወለደውም ይኸው ነው። በ1902 ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር የተፈራረሙት የድንበር ውል ገበያውን ለሁለት ከፈለው፤ ዛሬ በኢትዮጵያ በኩል መተማ ዮሐንስ፣ በሱዳን በኩል ጋላባት ፊት ለፊት ይተያያሉ።

በአሜሪካ በዚያው ዘመን የሆነውን ለመረዳት ሁለት ሕጎችን ማወቅ ይበቃል፤ ሁለቱም የወጡት በ1862፣ በጦርነቱ መካከል ነው። የመጀመሪያው የሰፋሪ መሬት ሕግ ሲሆን፣ 21 ዓመት የሞላው ወይም የቤተሰብ ኃላፊ የሆነ ሰው፣ ሴትም ሆነች ወንድ፣ 160 ኤከር (65 ሄክታር ያህል) የመንግሥት መሬት ይዞ አምስት ዓመት ከኖረበትና ካረሰው አነስተኛ የመዝገብ ክፍያ ብቻ ከፍሎ ባለርስት እንዲሆን የፈቀደ ነው። ሁለተኛው አህጉሩን ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ የሚያቋርጥ ሐዲድ ለሚዘረጉ ኩባንያዎች በሐዲዱ ግራና ቀኝ ሰፊ መሬት የሚሰጥ ነው። በመጀመሪያው ሕግ በጊዜ ብዛት 1.6 ሚሊዮን ያህል ሰፋሪዎች የባለቤትነት ማረጋገጫ አግኝተዋል፤ በሁለተኛውና እርሱን ተከትለው በወጡ ሕጎች ደግሞ የሐዲድ ኩባንያዎች 53 ሚሊዮን ሄክታር ያህል ወስደዋል። የመሬቱ ሕግ ብዙ ሲወደስ የኖረ ቢሆንም፣ ሰፋሪው ምርቱን የሚያወጣው በኩባንያው ሐዲድ፣ በኩባንያው ታሪፍ ስለነበር፣ ከመንግሥት በነጻ ያገኘውን በመጓጓዣ ዋጋ መልሶ ይከፍል እንደነበር መታወስ አለበት።

ሐዲዱን የሠሩት እጆች ደግሞ መሬት ከሚታደሉት ወገን አልነበሩም። ከካሊፎርኒያ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የተዘረጋውን መስመር በአብዛኛው የሠሩት ቻይናውያን ነበሩ፤ የሲየራ ኔቫዳን ጥቁር ድንጋይ በእጅ መሮና በባሩድ እየፈለጡ፣ በክረምት በበረዶ ናዳ እየተቀበሩ አሳለፉት። በሰኔ 1867 ሺዎች ሆነው ከነጮቹ ሠራተኞች እኩል ደመወዝ እንዲከፈላቸውና የሥራ ሰዓት እንዲቀነስላቸው ሥራ አቆሙ፤ የኩባንያው አለቃ ቻርለስ ክሮከር ግን ወደ ተራራው የሚወጣውን ስንቅ አስቆመ፤ አድማው በሳምንት ገደማ ተሰበረ። ሁለቱ መስመሮች በሜይ 10 ቀን 1869 በዩታ ሲገጣጠሙ በታዋቂው ፎቶግራፍ ላይ ቻይናዊ ፊት አይታይም ለማለት ይቻላል፤ በ1882 ደግሞ የቻይና ሠራተኛ ወደ አሜሪካ እንዳይገባ የሚከለክል ሕግ ወጣ። በአደባባይ የሚታወሱት የአሜሪካ የሠራተኛ ትግሎች፣ የ1877ቱ የባቡር ሠራተኞች አድማ፣ በ1886 ለስምንት ሰዓት የሥራ ቀን የተደረገው ሰልፍና የቺካጎው የሄይማርኬት ደም፣ በ1892 በካርኔጊ የብረት ፋብሪካ የተነሣው ግጭት፣ የ1894ቱ የፑልማን አድማ፣ ሁሉም ሠራተኛው በአንድ ቦታ ረግቶ ከሚሠራበት ከሐዲድና ከፋብሪካ የመጡ ናቸው። በእርሻ ላይ የሚንቀሳቀሰው ሠራተኛ ከዚያ ሁሉ ውጭ ነበር።

ለመተማ ቅርብ የሆነው የአሜሪካ ምዕራብ በሲኒማ የሚታየው የከብት ጠባቂዎች ምዕራብ አይደለም፤ በዳኮታ ግዛት የቀይ ወንዝ ሸለቆ የስንዴ እርሻ ነው። የሰሜን ፓሲፊክ የባቡር ኩባንያ ደጋፊ የነበረው የጄይ ኩክ ባንክ በ1873 ሲከስር፣ የኩባንያውን የዕዳ ሰነድ የያዙ ሀብታሞች ወረቀታቸው ዋጋ ስላጣ በምትኩ መሬት ወሰዱ። በኩባንያው ከፍተኛ ሥልጣን የነበራቸው ጆርጅ ካስና ቤንጃሚን ቼኒ በካስልተን አካባቢ ያገኙትን መሬት ኦሊቨር ዳልሪምፕል የተባለ የስንዴ አዋቂ እንዲያለማላቸው አደረጉ፤ በ1876 የታጨደው የመጀመሪያው ምርት የምሥራቁን ባለሀብት ዓይን ሳበ፤ ጥቂት ዓመታት ሳይቆይም በሺህ በሚቆጠሩ ኤከሮች የሚለኩ ሰፋፊ እርሻዎች ሸለቆውን ሞሉት።

የእነዚህ እርሻዎች አሠራር በጥንቃቄ መታየት አለበት። ባለቤቱ በሩቅ ከተማ ይኖራል፤ ሥራ አስኪያጁ እርሻውን በክፍል በክፍል ከፍሎ ለየክፍሉ አለቃ ይሾማል፤ ማረሻ፣ መዝሪያና ማጨጃው በፋብሪካ የተሠራ ነው፤ መውቂያውን የሚያንቀሳቅሰው የእንፋሎት ሞተር ነው። ክረምቱን ጥቂት ሰው ብቻ ይቆያል፤ በመዝሪያ ጊዜ ቁጥሩ ይጨምራል፤ በአጨዳና በውቂያ ሳምንታት በብዙ እጥፍ ያድጋል። መጪው ሠራተኛ ስደተኛ አውሮፓዊ፣ ከጫካ የወረደ ግንድ ቆራጭ ወይም ከከተማ የተፈናቀለ ወጣት ነው፤ ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ፣ ብዙ ጊዜም በጭነት ባቡር ላይ ተሳፍሮ ይደርሳል፤ ውቂያው ሲያልቅ ሒሳቡ ይዘጋና ይሄዳል። የስንዴ ዋጋ ሲወርድ፣ ድርቅ ሲመጣና ግብር ሲከብድ ከ1890ዎቹ ጀምሮ ባለቤቶቹ መሬቱን እየቆራረሱ ለቤተሰብ ገበሬዎች ሸጡት፤ ሠራተኛው ግን ወደ ሌላ ማሳ ተዛወረ እንጂ ከገዥዎቹ ወገን የገባው ጥቂቱ ነው። የእርሻ ቀን ሠራተኞች ጠንካራ ማኅበር ያገኙት እስከ 1915 ዘግይቶ ነው።

አሁን ዓይንን ከጎንደር አዘዞ ቁልቁል ወደ ቆላው መመለስ ይቻላል። ከደጋው የወረደው መንገድ ገንደ ውሃን አልፎ በኮኪት በኩል መተማ ዮሐንስ ሲደርስ፣ ከፍታው ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ወደ ሰባት መቶ ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ ጤፍና ገብስ ቦታቸውን ለማሽላ፣ ለጥጥና ለሰሊጥ ይለቃሉ፤ ጓንግና ሽንፋ ወንዞች ወደ ሱዳን ይፈስሳሉ። አፈሩ በክረምት የሚያጣብቅ፣ በበጋ ክንድ እስኪያስገባ የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር ነው። ደገኛው ይህን ምድር ከጥንት ያውቀዋል፤ ቤቱንና ከብቱን በደጋ ትቶ በእርሻ ወቅት ቆላ የሚወርደው ገበሬ ሞፈር ዘመት ይባላል፤ ሞፈር ዘመት ግን ለጓዳው ያርስ ነበር እንጂ ለውጭ ገበያ አልነበረም።

ለገበያ የሚያመርተው ትልቅ እርሻ መጀመሪያ የተስፋፋው ከመተማ በስተሰሜን በሰቲት ሁመራ በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ነው፤ ትራክተር የገዛ፣ ከባንክ የተበደረ፣ በሰሊጥና በማሽላ ገንዘብ ያካበተ ባለእርሻ በዚያ ተፈጠረ። የድንበሩ ማዶም አርአያ ሆኖለታል፤ በገዳሪፍ እንግሊዞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለወታደር እህል ፍለጋ በ1944 የጀመሩት የትራክተር እርሻ ከነጻነት በኋላ በስፋት አድጎ ነበርና። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ይህን ሁሉ አስቆመው፤ መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ፣ ጉልበት መቅጠር ተከለከለ፤ ንብረታቸውን ያጡት ባለእርሻዎችና ባላባቶች በኢዴኅ (የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ ኅብረት) ዙሪያ ተሰለፉ፤ ድርጅቱም በ1969 ዓ.ም. መተማንና ሁመራን ለአጭር ጊዜ ያዘ። የአሜሪካው ጠረፍ በገበያ ቀውስ ሲከስርና ሲያንሰራራ የኖረውን ያህል፣ የእኛው በፖለቲካ ተቋርጦ እንደገና የተጀመረ ነው።

ዳግም የተጀመረው ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ሲሆን ሁለት ዓይነት ባለይዞታ ይዞ መጣ። አንደኛው ከመንግሥት መሬት በኪራይ የሚወስደው፣ በአካባቢው በቀጥታ ኢንቨስተር የሚባለው ነው። ሁለተኛው በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የሰፈራ መርሐ ግብር ከተራቆተው ደጋ የመጣው ገበሬ ነው፤ መርሐ ግብሩ በአገር ደረጃ 2.2 ሚሊዮን ሰው በሦስት ዓመት ለማስፈር የታቀደ ሲሆን፣ እንደ ደርግ ዘመኑ ሰፈራ ሰውን ከክልል ክልል ሳያሻግር፣ ለአንድ አባወራ እስከ 2 ሄክታር መሬትና ለመጀመሪያዎቹ ወራት ቀለብ እንደሚሰጥ ቃል ገብቷል። አንዳንዶቹ የመተማ ሰፈራ መንደሮች እስከ ዛሬ በቁጥር ይጠራሉ፤ መንደር 6፣ መንደር 7፣ መንደር 8። የአሜሪካም ምዕራብ መጀመሪያ በመሐንዲስ ገመድ በካሬ ተሸንሽኖ በቁጥር የተጠራ ምድር ነው። ልዩነቱ ግን ሊጋረድ አይገባም፤ የአሜሪካው ሰፋሪ 65 ሄክታር በርስትነት ሲይዝ፣ የመተማው 2 ሄክታር በመጠቀም መብት ይይዛል፤ በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነውና አይሸጥም። ይህ ሰፋሪውን ካስንና ቼኒን ከመሰለ መሬት ጠቅላይ ባለሀብት ይጠብቀዋል፤ በዚያው ልክ መሬቱን ሸጦ ለሌላ ኑሮ መነሻ የሚያደርግበትን ዕድል ይነሣዋል።

ሰሊጥ ለምን ይህን ያህል ሰው እንደሚፈልግ ካልተገለጠ የቆላው የጉልበት ታሪክ አይገባም። በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ የተዘራው ሰሊጥ በሦስት ወር ገደማ ይደርሳል፤ እስከዚያ በአረም ይታገላል፣ አረሙም በእጅ ይነቀላል። ችግሩ የሚከብደው መጨረሻ ላይ ነው። የሰሊጥ ቆባ ሲደርቅ ከጫፉ ራሱን ይከፍታል፤ ፍሬው እጅግ ትንሽ ነው፤ አንድ ሺሁ ሦስት ግራም ያህል ቢመዝን ነው፤ ዛላው በነፋስ ወይም በሰው እጅ ሲነቃነቅ ወደ ስንጥቁ ይረግፍና ይቀራል። ስለዚህ የታችኞቹ ቆቦች ብጫ ማለት ሲጀምሩ፣ የላይኞቹ ገና አረንጓዴ ሳሉ፣ ማሳው በሙሉ በጥቂት ቀናት ውስጥ መታጨድ አለበት። አጫጁ ጎንበስ ብሎ በማጭድ ይቆርጣል፤ በነዶ ያስራል፤ ነዶዎቹን ጫፋቸውን ወደ ሰማይ አድርጎ እርስ በርሳቸው አስደግፎ ያቆማል፤ ይህ ክምር ሂላ ይባላል። ሂላው ሁለት ሳምንት ገደማ ፀሐይ ከመታው በኋላ፣ ነዶው አንድ በአንድ እንደ ሕፃን ታቅፎ ወደ ሸራ ይወሰድና ወደ ታች ተዘቅዝቆ ይራገፋል። ማረሻው ትራክተር ነው፤ መዝሪያውም ሊሆን ይችላል፤ አጨዳው ግን ኢንቨስተሩም ሰፋሪውም ዘንድ የእጅ ሥራ ነው።

በእነዚያ ሳምንታት ገንደ ውሃና የገበያ ከተሞቹ ከጎንደር፣ ከጎጃም፣ ከወሎና ከሌላም በሚመጡ ወጣቶች ይሞላሉ። አብዛኞቹ የራሳቸውን የደጋ ሰብል በወላጅ ወይም በወንድም እጅ ትተው የመጡ ናቸው፤ ብዙ ዓመት የተመላለሱትና ቆላውን ቤቴ ያሉት ሳሉግ ይባላሉ። ደላላ መካከል ገብቶ ያደራድራል፤ ሥራው በቀን ወይም በቁርጥ ይያዛል፤ ቁርጥ ማለት ለተወሰነ ማሳ የተወሰነ ዋጋ መዋዋል ነው። አጨዳው በተጣደፈ ቁጥር ዋጋው በየቀኑ ይወጣል፤ ሠራተኛው ኃይል የሚያገኝባት አጭር ጊዜ ይህች ብቻ ናት፤ የሚረግፈው ሰሊጥ ከየትኛውም ማኅበር በላይ ይሟገትለታልና። ማሳ ከገባ በኋላ ግን ከከተማው ርቆ፣ ቀለቡና ውኃው በባለእርሻው እጅ ሆኖ፣ በሣር ዳስ ሥር ወይም ሜዳ ላይ ያድራል፤ እዚህ ላይ ክሮከር ስንቅ በማስቆም አድማ የሰበረበት ተራራ ሊታወስ ይገባል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ለማኅበር ምሥረታ አሥር ሠራተኛ ይበቃል ይላል፤ ይሁንና በአንድ ማሳ የሚገናኙት አሥር ሰዎች ወር ሳይሞላ የሚበተኑ ከሆነ አንቀጹ በወረቀት ላይ ይቀራል።

ሌላው ዋጋ በሽታ ነው። ወባ የታወቀ ነው፤ ደገኛው ለወባ የለመደ አካል ስለሌለው ይጠናበታል። ካላዛር ግን የዚህ ምድር የራሱ ነው፤ በጥቁሩ አፈር ስንጥቅና በግራር ዛፎች አካባቢ የምትኖር ትንሽ የአሸዋ ዝንብ ማታ ስትነክስ የምታስተላልፈው ጥገኛ ተሕዋስ ለሳምንታት የሚዘልቅ ትኩሳት፣ የጣፊያ እብጠትና ክሳት ያመጣል፤ ካልታከመ ይገድላል። ማሳ ዳር ያለ አጎበር የሚያድር ሠራተኛ ለዝንቧ በቀጥታ የተጋለጠ ነው። በሽታው የሠራተኛውን መንገድ ተከትሎ ወደ ላይ እንደሚወጣም በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም ወረዳ በተከሠተው ወረርሽኝ ተገምቷል፤ ከመተማና ከሁመራ የተመለሱ የቀን ሠራተኞች ይዘውት እንደሄዱ ይታመናል። የዳኮታ ባለሀብት ለሠራተኛው ያልከፈለውን ወጪ ሌላ ሰው ይከፍለው እንደነበር ሁሉ፣ የቆላው ሰሊጥ ወጪም ከፊሉ በደጋ ጤና ጣቢያዎችና በገበሬ ቤተሰቦች ሒሳብ ይወራረዳል።

ከዚህ በኋላ በአሜሪካ ታሪክ ጸሐፊዎች መካከል የተደረገውን ረጅም ሙግት ወደ መተማ ማምጣት ይገባል። ፍሬደሪክ ጃክሰን ተርነር በ1893 ቺካጎ ላይ ባቀረበው ጥናት የአሜሪካን ባሕርይ የቀረጸው ነጻው የምዕራብ መሬት ነው አለ፤ ከዚህ ጋር የተያያዘው አስተሳሰብ ደግሞ ምዕራቡን እንደ እንፋሎት ጋን መተንፈሻ የሚያይ ነው፤ በከተማ ሠራተኛው ሲከፋው ወደ ምዕራብ ሄዶ ገበሬ ይሆናልና ቁጣው ይተነፍሳል የሚል። ፍሬድ ሻነን በ1945 ይህን አፈረሰው፤ አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ ወደ መሬት ሲሄድ፣ በአንጻሩ ቢያንስ ሃያ ገበሬዎች ወደ ከተማ ይገቡ ነበርና። መሬቱ በነጻ ቢሰጥም፣ በሬ፣ ማረሻ፣ ዘርና የመጀመሪያው ዓመት ቀለብ በነጻ አልተሰጠም፤ ደመወዙ ከእጅ ወደ አፍ የሆነ ሰው ይህን አይችልም።

የመተማ ቆላ ለዚህ ሙግት ከዳኮታ ይልቅ የጠራ ማስረጃ ይሰጣል ማለት ማጋነን አይሆንም። ለደጋው የመሬት ጥበት ማስተንፈሻ ሆኖ የታሰበው ሰፈራ ሆኖ ሳለ፣ በእርግጥ የብዙ ደጋ ቤተሰቦችን ጫና ያቀለለው የወቅት ሥራው ነው፤ ልጁ በጥቅምት ወርዶ በኅዳር የሚይዘው ጥሬ ገንዘብ ለማዳበሪያ፣ ለግብርና ለሠርግ ይውላል። ይህ ገንዘብ ሰውየውን በደጋው ያኖረዋል እንጂ በቆላው ባለይዞታ አያደርገውም። ከሠራተኛ ወደ ባለይዞታ የተሻገሩት በአብዛኛው በዕጣና በመርሐ ግብር የተሻገሩ ናቸው፤ በደመወዝ ቁጠባ ወደ መሬት የሚወጣው መሰላል በሕግም በዋጋም ጠባብ ነው።

«ባዶ መሬት» የሚለው አነጋገርም ከዚሁ ጋር ይፈተሻል። በ1887 የወጣው የዶስ ሕግ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦችን የጋራ መሬት ለየቤተሰቡ ሸንሽኖ የተረፈውን ለሰፋሪ ከፈተ፤ በዚያ ዓመት ከ55 ሚሊዮን ሄክታር በላይ የነበረው ይዞታቸው በ1934 ከ20 ሚሊዮን በታች ወረደ። በመተማና በቋራ የሚኖረው የጉሙዝ ሕዝብ መሬቱን ለጥቂት ዓመታት አርሶ ለጥቂት ዓመታት ያሳርፋል፤ ማር፣ ዓሣና ሥራ ሥር ከጫካው ይሰበስባል። ያረፈው ማሳ ለሚያልፍ መሐንዲስ ባዶ ይመስላል። እርግጥ ነው፣ በእኛ ዘንድ እንደ አሜሪካው የታወጀ የማጥፋት ጦርነት አልተከፈተም፤ የሕዝቡም መብት በሕገ መንግሥት የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ሰፈራና ኪራይ ሲሰጥ የሚቆጠረው የታረሰው ብቻ ከሆነ፣ ያረፈው ማሳና ጫካው ከሒሳቡ መውጣቱ አይቀርም። የዕጣን ዛፉም፣ ለዘመናት ለቤተ ክርስቲያን ማዕጠንትና ለውጭ ገበያ ሙጫ የሰጠው፣ ማሳ ሲመነጠር አብሮ ይቆረጣል። በ1998 ዓ.ም. በቋራ የአላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ መቋቋሙ ለዚህ ምንጠራ ቢያንስ በአንድ ወገን ወሰን አበጅቷል።

በገበያው በኩል ሁለቱ ምድሮች ይበልጥ ይቀራረባሉ። ቺካጎ ላይ በ1850ዎቹ የንግድ ማኅበሩ የስንዴ ደረጃ ሲያወጣ፣ የየገበሬው እህል በከረጢት መለየቱ ቀርቶ በደረጃው በአንድ ጎተራ ተቀላቀለ፤ ገበሬው የሚይዘው የጎተራ ደረሰኝ ሆነ። ንግዱ ፈጠነ፤ ነገር ግን ደረጃ መዳቢውና ጎተራው በአንድ ወገን እጅ ስለነበሩ ገበሬው ሁልጊዜ ዝቅ ተደርጌ ተመዘንሁ ይል ነበር፤ የኢሊኖይ ግዛት ጎተራዎችን የመቆጣጠር ሥልጣን እንዳለው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያጸናው በ1877 ነው። ትልልቆቹ እርሻዎች በነበሩበት ሰሜን ዳኮታ ደግሞ ቁጣው ጠንክሮ፣ በ1919 ግዛቱ የራሱን ባንክ እንዲያቋቁምና የራሱን የዱቄት ፋብሪካ እንዲሠራ አደረገ፤ ሁለቱም ዛሬም በሥራ ላይ ናቸው። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ለሰሊጥ ያመጣው አሠራር ከዚሁ ቤተሰብ ነው፤ ሰሊጡ በመተማ መጋዘን ተመዝኖ፣ ደረጃ ወጥቶለት፣ በደረሰኝ ይሸጣል። ከአገሪቱ ዋና ዋና የእርሻ ኤክስፖርቶች አንዱ የሆነው ምርት በዚህ መንገድ ቢያልፍም፣ ደረጃ የሚወጣው የነጋዴው ጭነት ነው፤ አጫጁ በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ደረሰኝ የለውም።

ሐዲድ በመተማ በኩል አልመጣም። የሱዳን ባቡር በ1920ዎቹ መጨረሻ ገዳሪፍ ሲደርስ ከድንበሩ በማዶ ቀረ፤ ጎንደርን ከመተማ ያገናኘው የመኪና መንገድ ነው። ስለዚህ ኅዳር ላይ በጭነት መኪና ዋጋና በኬላ የሚታመሰው የሰሊጥ ንግድ፣ ሱዳን ስትናወጥ አብሮ ይናወጣል፤ በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ በሱዳን ጦርነት ሲነሣ፣ ወትሮ ኢትዮጵያውያን ለአጨዳ ወደ ገዳሪፍ የሚሻገሩባት መተማ ዮሐንስ የስደተኛ መግቢያ በር ሆነች።

የሰሊጥ አጨዳን ከእጅ ሥራ የሚያላቅቅ መንገድ ደግሞ ሌላ ቦታ ተጀምሯል፤ በ1943 በቬንዝዌላ አንድ የእፅዋት ተመራማሪ ቆባው የማይከፈት የሰሊጥ ዝርያ አገኘ፤ ከዚያ በተነሡ አሥርት ዓመታት በፈጁ የማዳቀል ሥራዎች ፍሬውን የማያረግፍ ሰሊጥ ተገኝቶ ዛሬ በቴክሳስና በኦክላሆማ፣ በዚያ በ1889 በፈረስ በተሽቀዳደሙበት ምድር፣ ያለ አንድ ማጭድ በኮምባይነር ይታጨዳል። በአሜሪካ ስንዴ ላይ ኮምባይነር በ1920ዎቹ ሲስፋፋ ብርድ ልብሱን ተሸክሞ ማሳ ለማሳ የሚዞረው ሠራተኛ በጥቂት ዓመታት ጠፋ፤ እርሱን የሚቀበሉ ፋብሪካዎች ግን ቢያንስ በመደበኛው ጊዜ ነበሩ። እንዲህ ያለ ዝርያ ለመተማ አፈርና ዝናብ ተስማምቶ ሲመጣ፣ ኢንቨስተሩ የአጨዳ ወጪው ይቀንስለታል፣ 2 ሄክታር ያለው ሰፋሪ ኮምባይነሩን መከራየት ይኖርበታል፤ በጥቅምት ከደጋ ወርዶ በኅዳር የሚመለሰው ወጣት የት እንደሚቀጠር ግን እስካሁን በየትኛውም የእርሻ ዕቅድ ውስጥ በግልጽ የተጻፈ አይመስልም።